የኮከቧ ልጅ አጥንት

ማንኩሳ ላይ አጥንት የሚቆጥሩት አያ ደረሰ ነበሩ። ልጅ ሊዳር ሲል ሁለቱ ወገን እሳቸው ፊት ይቀመጣል፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዝምድና ካለ፣ ወይም ያልጠራ ዘር ከተገኘ፣ አያ ደረሰ "አይሆንም" ይላሉ። ሠርጉ ይቀራል። ፊደል አልቆጠሩም፤ የአገሩን ዘር ግን በሆዳቸው ይዘውታል። ገና በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ከቋሪት ወርደው እዚሁ ቀሩ፤ አገሩም በእሳቸው ቃል ሲጋባና ሲዋለድ ኖረ።

በግንቦት የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። አለቃቸው ናሁሰናይ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ድራማቸው ከኮከብ ስለወረዱ ሰዎች ነው። ከኮከብ ሰውና ከባላገር ሴት የተወለደች ልጅ አለች፤ ወዲያም ወዲህም አይቀበሏትም። አንድ ሽማግሌ አጥንቷን ቆጥሮ "ደምሽ ድብልቅ ነው፤ ከአገራችን ውጪ" ይላታል። ያን ሽማግሌ እንዲሆኑ አያ ደረሰን ለመኗቸው።

"አባቷ ከሰማይ ከሆነ በምን መሰላል ወጥተው ሊቆጥሩላት ነው?" አለች ጠላ ሻጯ ካሳነሽ። ሰው ሳቀ።

አያ ደረሰ አልሳቁም። "ያልቆጠርሁትን ሰው ውጪ አልልም" አሉ።

"ልብ ወለድ እኮ ነው አባባ" አለ ናሁሰናይ።

"ይሁን። አጥንት በውሸት አይቆጠርም።"

ናሁሰናይ ትንሽ አሰበና ደስ አለው። የኮከቧን ልጅ ሆና የምትጫወተው ሜላት የራሷን እውነተኛ ዘር ካሜራ ፊት እንድትቆጥር ተስማሙ።

ሜላት ግንባሯ ላይ የብር መስመር ተቀብታ፣ ሳትጠርገው ገበያ የምትወጣ ሳቂታ ልጅ ናት። በእናቷ በኩል ዘሯ ከዚህ አገር እንደሆነ ሰምታለች፤ ከአያቷ በላይ ግን አታውቅም። ከአያ ደረሰ አጠገብ ቁጭ ብላ ለእናቷ ደወለች፤ የስልኩንም ድምፅ ከፍ አደረገችው። እናቷ ስም በስም ትነግራታለች፤ አያ ደረሰ በጣታቸው ይይዛሉ።

አራተኛው ስም ላይ ጣታቸው ቆመ። ተነሱ።

"ምነው አባባ? ሰባት አይደል እንዴ?"

"ላንቺ ሦስት ቤት ይበቃሻል" አሉና ሄዱ። እሷ ግን የቀሩትንም ጠይቃ ጻፈች።

አያ ደረሰ ፊታቸው ጠቁሮ ሲሄዱ ካሳነሽ ከደጇ ሆና አየቻቸው። "አንድ ነገር አግኝተውባታል" አለች። ወሬው እስከ ጅጋ ለመድረስ አንድ ገበያ ቀን በቃው። ካሳነሽ ሜላት የጠጣችበትን ብርጭቆ ለብቻው አኖረችው። ቤት ያከራየቻት ሴት "እንግዳ ሊመጣብኝ ነው" ብላ አስወጣቻት። እናቶች በአጠገቧ ሲያልፉ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። አያ ደረሰን የጠየቀ ሁሉ መልስ አላገኘም፤ ዝምታቸውም ወሬውን አጸናው።

በሦስተኛው ቀን ትንሿ ውዳሴ ታመመች። ሆዷን ይዛ ትጮኻለች፤ ያቃዣታል። የሃይለ ሚካኤል ልጅ ናት፤ እናቷ የአያ ደረሰ ልጅ ናት። ባለፈው ገበያ ሜላት ጉንጯን ነክታ "ስታምሪ!" ብላት ነበር።

ሃይለ ሚካኤል አማቱ ፊት ቆመ።

"ይንገሩኝ እንጂ! የቀጥቃጭ ዘር ናት? ከሆነች እየጎተትሁ አምጥቼ ልጄ ላይ እንትፍ አስብላታለሁ። እምቢ ካለች በዚህ ዱላ ነው።"

"ልጅቱን ጤና ጣቢያ ውሰዳት።"

"እየደበቁላት ነው ልበል?"

አያ ደረሰ ጥለውት ወጡ። ወደ ናሁሰናይ ሄዱ።

"ቆጠራው ይቅር" አሉት። "እንዲሁ ውጪ ልበላት።"

"አሁን? የድራማው ነፍስ እሱ ሆኖ? አይሆንም አባባ።"

ቅዳሜ ቀትር ላይ ካሜራው ከገበያው ማዶ ሜዳ ላይ ተተከለ። የተቀጠረው ሠላሳ ሰው ነበር፤ የመጣው ግን ከመቶ ይበልጣል። ሃይለ ሚካኤል ጋቢውን አጣፍቶ ከፊት ቆሟል።

"ፊታቸውን ተመልከት!" አለ ናሁሰናይ ለካሜራ ባለሙያው። "ማን አስተማራቸው ትወና?"

አያ ደረሰ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሜላት ፊታቸው በርከክ አለች።

"ቁጠሪ" አሉ። ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም።

"እናቴ እናኑ።"

"አንድ።"

"የእናኑ አባት ደስታው።"

"ሁለት።"

"የደስታው አባት እንድሪያስ።"

"ሦስት። ይበቃል፤ ተነሺ።"

ሜላት የተነገራት ሰባት ነው። ሥራዋን አክባሪ ናትና ቀጠለች።

"የእንድሪያስ አባት ሙጬ። የቋሪት ገበዝ ማርያሙ ብረት ቀጥቃጭ።" ፈገግ አለች፤ እናቷ በኩራት ነበር የነገረቻት።

እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

"አላልኋችሁም?" አለች ካሳነሽ።

ከኋላ ድንጋይ ያነሳ ነበረ። ሃይለ ሚካኤል ዘሎ ገባና የሜላትን ክንድ ጨመደደ። "ነይ! የበላሻትን ልጅ እንትፍ ትይባታለሽ!" ሜላት እስከዚያ ድረስ ትወና መስሏት ነበር። ክንዷ ሲያማት ዞራ ናሁሰናይን ፈለገችው። ናሁሰናይ ካሜራው እንዳይቆም በእጁ ያሳያል።

አያ ደረሰ ከድንጋዩ ተነሱ። ሕዝቡ ፍርዱን ሊሰማ ተጠጋ።

"ልቀቃት ሃይለ ሚካኤል፤ ውዳሴን የሚያድናት ምራቅ ከሆነ እኔ እተፋላታለሁ፤ ሙጬ ያባቴ አባት ናቸው።"