የሰኞ አንሶላዎች

ሲርካ እንደ ሁልጊዜው ሰኞ ጠዋት የታጠቡትን አንሶላዎች በቅርጫት ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ከማስጣቷ በፊት ከወንዙ ማዶ ያለውን የወረቀት ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ቀና ብላ አየች። ፋብሪካው ለዘለቄታው ከተዘጋ ዓመት ሞልቶታል፤ አንገቷ ግን ልማዱን አልተወም።

ባሏ ራይሞ ስልኩን እንደያዘ በሱፍ ካልሲው ደጃፉ ላይ ብቅ አለ። «የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ነው የደወለው። የሥራ አጥ ድጎማዬ ጡረታ እስክወጣ ተራዘመ።»

«ቤቱን አንሸጥም ማለት ነው?»

«አንሸጥም።»

«ታዲያ ፊትህ ምነው ጠቆረ?»

«‹ከእንግዲህ ሥራ ፈልግ የሚልህ የለም› አለኝ። ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው።»

ሲርካ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ዘረጋችለት። «በል ና ያዝ፤ እኔ ቀጥሬሃለሁ።»

«ደመወዙስ?»

«ምሳ። ማታ ደግሞ ሳውናውን አሞቅልሃለሁ።»

ወርዶ ያዘላት። «ቅድም ወደ ማዶ ምን ታዪ ነበር?»

«ጭሱን ነዋ። ያኔ ወደኛ ከነፈሰ ልብሱ የበሰበሰ ጎመን ይሸት ነበር። የዚህ መንደር ሴት ጭሱን ሳታይ አታሰጣም።»

ዕድሜውን ሙሉ የፋብሪካውን ምድጃ ሲያነድ የኖረው ራይሞ ይህን አያውቅም ነበር። «ለካ ስትረግሙን ነው የኖራችሁት።»

«በየሰኞው።»

ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ገመዱ ላይ ያደረውን የትራስ ልብስ ወደ ፊቱ አስጠግቶ አሸተተ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አሸተተ። ጨርቁ ምንም አይሸትም ነበር።