የፅጌረዳ ዕድሜ

የሯጮችን ዕድሜ የሚያጣራው አቶ ፍሥሐ ከአዲስ አበባ ስማዳ ድረስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ መጣ። ሯጯ ፅጌረዳ ሀብቴ ዕድሜዋ ስንት ነው?

ልጅቱ ባሕር ማዶ በተደረገ የወጣቶች ውድድር አንደኛ ወጥታ ወርቅ አጥልቃለች። ከዚያ ወዲህ እስፔንም ቻይናም ተጠርታ ሮጣለች። ስሙን ያልጻፈ ሰው ደግሞ «ይች ልጅ ሃያን ካለፈች ቆይታለች» የሚል ደብዳቤ ዕድሜ ለሚያጣሩት ሰዎች ላከ። እውነት ከሆነ ወርቁ ይነጠቃል፣ እሷም ለአራት ዓመት ከሩጫ ትታገዳለች።

እናቷ ሐረገ ወይን የምትኖረው ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ውስጥ ነው። ከጋይንት ወደዚያ የመጣችው ባሏ ከሞተ በኋላ፣ አንዲት ልጅ በእጇ ይዛ ነው። ልጅቱ የምትሮጥ ቀን ወገዳ ላይ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ይሞላል። ሰው «ፅጌረዳ! ፅጌረዳ!» እያለ ሲጮህ ሐረገ ወይን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። «ደስታው ነው» ይላሉ ጎረቤቶቿ። «ምን ጎደለብኝ ብላ ነው?» የሚሉም አሉ።

ፍሥሐ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ልጅቱ ከውጭ ደወለች።

«እማ፣ አንድ ቃል ከሳትሽ አለቀልኝ። ከሩጫ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

«እኔ መዋሸት አልችልም፤ ታውቂኛለሽ።»

«አትዋሺ። የጠየቀሽን ብቻ መልሺ።»

የክርስትናው መዝገብ ያለው ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ አለፍ ብሎ ባለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፍሥሐ እናቲቱን መኪና ላይ አሳፍሮ ወደዚያ ሄደ። መንገዱ መንገድ ከተባለ፣ ግማሹን ጉዞ ጭንቅላቱን ከመኪናው ጣሪያ ጋር ሲያማታ ዋለ። ዕለቱም አርብ ነበርና ለገበያ የሚወርደው ሰውና አህያ እየዘጋባቸው ብዙ ቆሙ። ሲቆሙ ይጠይቃታል።

«እናቴ፣ ሌላ ልጅ አለዎት?»

«የቀረችኝ እሷው ብቻ ናት።»

ስልኩን አውጥቶ የሯጯን ፎቶ አሳያት። «ይችስ?»

«ልጄ ናት።»

«ፅጌረዳን በስንት ወለዷት?»

«በዘጠና ስምንት። ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ሲያሸት።»

«ከልጅነቷ ጀምሮ ሯጭ ነበረች?»

«እሷማ ድክ ድክ ማለት ከጀመረች ወዲያ አትያዝም ነበር» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትፈትል ጀመር። ፍሥሐ ይህንንም ማስታወሻው ላይ አሰፈረው። ስንቱን ወላጅ መርምሯል፤ እንዲህ የሚሆኑት መዝገቡ ላይ ቀን የተፋቀ እንደሆነ ነው። ሴትየዋ ግን ምንም ልታደርግ አትችልም። ውረጂ ቢሏት የምትወርድበት፣ ተናገሪ ቢሏት የምትናገረው አልነበራትም። ልጅቷን ከዚህ ሰው እጅ የምታወጣበት መላ ጠፍቷት፣ መንገዱ ባያልቅ እየተመኘች ተቀምጣ ሄደች።

ፅጌረዳን ያጠመቋት ቄስ መልካሙ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ አሁንም እዚያው ደብር ያገለግላሉ። ፍሥሐ የመጣበትን ሲነግራቸው ሐረገ ወይንን ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። እሷም አየቻቸው። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብተው መዝገቡን አመጡ።

ፍሥሐ አጉሊ መነፅሩን አወጣ። የተቀደደ እንዳይኖር ገጾቹን ቆጠረ። ቀለሙን ከላይና ከታች ካሉት ስሞች ጋር አስተያየ። ወደ መዝገቡ ጎንበስ ባለ ቁጥር ሐረገ ወይን ዓይኗን ትጨፍናለች።

«የዓለም ስም ፅጌረዳ ሀብቴ፤ የክርስትና ስም ወለተ ኪዳን» ብሎ አነበበ። «ታኅሣሥ ሃያ አንድ ቀን ዘጠና ስምንት።»

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነውና በጣቱ ወደ ኋላ ቆጠረ። ጥቅምት መባቻ ላይ ወደቀ። እንደገና ቆጠረ፤ ያው ነው። የተፋቀ ፊደል፣ የተለወጠ ቁጥር አላገኘም።

«አባታችን፣ ልጅቱን ያስታውሷታል?»

«እንዴት እረሳታለሁ? በእነዚህ እጆቼ ነው ያጠመቅኋት። እስከ ዛሬም በጸሎት ሳላነሣት ቀርቼ አላውቅም።»

«ይህ የፅጌረዳ ነው ብለው ይመሰክራሉ?»

«የፅጌረዳ ነው።»

እናቲቱም መስቀል ተሳልማ፣ የተናገረችው ሁሉ እውነት መሆኑን ማለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

ፍሥሐ መነፅሩን ወደ ቦርሳው መለሰ። አፍሮ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ። ምቀኛ ነው ይህን ሁሉ መንገድ ያንከራተተን። ከእንግዲህ ማንም አይነካትም፤ በፈለገችው አገር ትሩጥ።»

ሐረገ ወይን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጅ ነሣች። ልጇ ተርፋለች፤ ደስ ሊላት በተገባ ነበር። አልሆነላትም፤ እንባዋ ብቻ ወረደ። ፍሥሐ የእናት ነገር ነው ብሎ፣ መኪናው ውስጥ እንደሚጠብቃት ነግሯት ወጣ።

ቄስ መልካሙ መዝገቡን ዘጉ። አልተቆጧትም።

«በይ ሂጂ» አሏት። «ከመጣሽ አይቀር ሳታያት አትመለሺ።»

ሐረገ ወይን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞራ፣ ክንድ ከስንዝር የማትሞላ የድንጋይ ክምር አጠገብ ተንበረከከች።

«ፅጌየ» አለች፣ «አንቺ በአራት ዓመትሽ እዚህ ተኝተሽ ቀረሽ፤ ስምሽን ታላቅ እህትሽ ትሩጥበት፣ አትቀየሚኝ።»