እጅ የወጣበት ስብሰባ

ትምህርት ቤቱን ልትገመግም ከውጭ የመጣችው ሴት ርእሰ መምህሩን አስወጥታ በሩን ዘጋች። ስለ ወላጆች ስብሰባ ልትጠይቃቸው ያስጠራቻቸው ሽማግሌ የተዘጋውን በር ደጋግመው አዩ፤ የልጅ ልጃቸው እዚሁ ትማራለች፣ ርእሰ መምህሩ ደግሞ ቂመኛ ነው።

«አይፍሩ አባባ። የልጆቹ ሜዳ ለሱቆች እንዲሰጥ ወላጆች ድምፅ ሰጥታችኋል?»

«ኧረ በእመቤቴ! ማንም አልሰጠም፣ ልጄ። እሱ ብቻውን ነው የወሰነው።»

ገምጋሚዋ ርእሰ መምህሩ የላከላትን ፎቶ በስልኳ አሳየቻቸው። አዳራሹን የሞላው ወላጅ ሁሉ እጁን ዘርግቷል፤ ከፊት እሳቸው ራሳቸው ቆመዋል።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? የሁሉም እጅ ወጥቶ የለም እንዴ?»

ሽማግሌው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

«ይሄማ... ስብሰባው ሲያልቅ እሱ ‹አባባ፣ ይመርቁንና እንበተን› ብሎኝ ስመርቅ፣ አሜን ሲሉ ነው።»