ቆሻሻ ይዞ ምርጫ

«ልቀቀኝ አንተ፣ መኪናው ሊሄድ ነው!»

«እትዬ ሱቼን፣ አንዴ ብቻ ይስሙኝ!» በታይዋኗ ታይናን ከተማ ለሰፈር ሹመት የሚወዳደረው ጎረምሳ ቀኝ እጇን ጨብጦ አለቅም አለ። የቆሻሻ መኪናው ሰፈርተኛውን የሚጠራበትን ሙዚቃ እያሰማ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ዛሬ ካመለጣት ነገ አይመጣም። ከረጢቷ ውስጥ ያለው የሦስት ቀን የዓሣ ሆድ ዕቃ ደግሞ ከዚህ በላይ ቤት የሚያድር አይደለም።

ስትንፈራገጥ የሌላው ፓርቲ ተወዳዳሪ በግራ በኩል ከች አለ። ግራ እጇን ለመጨበጥ ብሎ ከረጢቱን ራሱ ተቀበላት። ሁለቱ ግራና ቀኝ ወጥረው «እኔን ይምረጡ!» «የለም፣ እኔን!» ሲሏት ሙዚቃው መታጠፊያው ላይ ጠፋ።

ያኔ ሁለቱም ለቀቋት። ባለከረጢቱ አፍንጫውን ይዞ «እንኩ እትዬ፣ ዕቃዎን» አላት።

እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ከሁለታችሁ ያሸነፈው ይውሰደው!»