የ«ደህና ነኝ» ክብደት

በዚያ ዘመን ሰው ሳይሻለው «ደህና ነኝ» ባለ ቁጥር ክብደቱ አንድ ኪሎ ይጨምር ነበር። ሾፌሩ ይርዳው ከደረሰበት የመኪና አደጋ ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ ሳለ፣ ሰላምታ በሚያበዛ ሰፈር ስድስት ወር ሙሉ «ደህና» እያለ ዝሆን አከለ። አልጋው ወደ እሱ ስላዘመመ ሚስቱ ውድነሽ ፍራሿን በሩ ሥር አነጠፈች። ዛሬ ደግሞ የሦስተኛ ፎቅ ወለላቸው መሰንጠቅ ጀመረ። ከእነሱ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው አራስ ደግሞ «ልጄ ክርስትና ሳይነሣ አልወጣም» ብላለች።

ውድነሽ የጠራቻት የስነ ልቦና ባለሙያ ሰብለ ወለሉን ፈርታ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«እንዴት ነዎት፣ ጋሽ ይርዳው?»

ምላሱ እንደ ልማዱ «ደህ…» ሲል ወለሉ ተንቋቋ።

«አንተ ሰውዬ፣ አራሷን ልትጨርሳት ነው?» አለች ውድነሽ።

«እብድ እንዳልባል ነዋ።»

«እብድማ በዝምታ ፎቅ የሚያፈርሰው ነው።»

ሰብለ አልቸኮለችም። «ዓይንዎን ሲከድኑ ምን ይመጣብዎታል?»

ይርዳውን ላብ አጠመቀው። «የፍሬኑ ጩኸት። በየሌሊቱ ይጮኻል። እኔ… ደህና አይደለሁም።»

ወለሉ ዝም አለ።

«ክብደትዎ ጥቂት ወረደ» አለች ሰብለ። «የቀረውን በየማክሰኞው እየተነጋገርን እናወርደዋለን።»

ውድነሽ አልጋውን በዓይኗ ለካችና ፍራሿን አንድ ስንዝር ወደ እሱ ጎተተች።