ጢሙ የጠቆረው ስንዴ

ሴት ልጁ ተንበርክካ የናሙና መቁጠሪያ የሽቦ ክፈፏን ስንዴው መሃል ስታሳርፍ፣ አባት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። ዛሬ የመጣችው የዘር ማሳ መርማሪ ሆና ነው። ማሳው ካለፈ ምርቱ ለዘር ይሆናል፤ ከወደቀ የዓመት ልፋቱ ወፍጮ ቤት ይገባል፣ እሱም ከዘር አባዢዎች መዝገብ ይሰረዛል።

ሾፌሩ ከዳር ሆኖ፣ ለገዛ አባትሽ እንኳ አንድ ዓይንሽን ብትጨፍኚ ምን አለበት እያለ ይቀልዳል። አልሳቀችለትም።

ጥጉ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጢማቸው የጠቆረ ሠላሳ የሚሆኑ ዛላዎች ከሌላው ስንዴ በላይ ቀና ብለዋል።

አባት ደንቡን አሳምሮ ያውቃል፤ ሌላውን ያልመሰለ ይነቀላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ነቅሏል። አምና ግን የዋግ በሽታ ማሳውን እንደ ዝገት ሲወርሰው አንዲት ጢመ ጥቁር ለምልማ አገኘና እጁ እምቢ አለው። ፈጣሪ ያተረፋትን እኔ ማን ነኝና ብሎ ፍሬዋን በወረቀት ጠቅልሎ አኖረ። ሌላ መሬት ስለሌለው እዚሁ ዘራት። ለልጁ እንዳይነግራት፣ እንድታሳልፈው የለመናት እንዳይመስል ፈራ።

ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

«ማሳው አላለፈም» አለች። ቤት «አንተ» የምትለውን ሰው፣ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለችው።

ፈረመ። ደረቱን የሞላው ግን ኀዘን አልነበረም። ፊቱን አይታ ያላዳላች ልጅ ነው ያሳደገው።

«ደግ አደረግሽ» አላት።

ወረቀቱን ካጠፈች በኋላ ግን አልሄደችም። የማሳውን ስንዴ ቅጠል በአውራ ጣቷ አሸችው፤ ጣቷ ብርቱካናማ የዋግ ዱቄት ለበሰ። በሌላው እጇ ጢመ ጥቁሩን አሸች። ምንም የለም። የታችኛውን ቅጠል፣ አገዳውን፣ ሁሉንም አየች፤ ምንም።

«አባዬ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

እዚሁ እንደበቀለ፣ ሊነቅለው እንዳልቻለ ነገራት።

ሁለቱን እጆቿን ጎን ለጎን አድርጋ አየች። «እኛ ማሳ የምናጠራው አንድ እንዲመስል ነው» አለች። «ዋጉም የሚወደው ይሄንኑ ነው። አንዱን መብላት ከለመደ ሁሉንም ለመደ ማለት ነው። ከመሃላቸው ለየት ያለ ካልተወለደ ዘሩ እዚያው ያልቃል።»

«እና ተወልዷል በያ።»

«ተወልዷል። የቀሩትን እስኪደርቁ እንዳትነካቸው።»

ሦስቱን ለምርምር ልትወስድ፣ ሥራቸው እንዳይጎዳ ከነአፈራቸው ነቅላ ባልዲ ውስጥ አቆመቻቸው። ሾፌሩ ማሳው ወድቆበት የሚስቅ ገበሬ ዛሬ ገና ማየቱ ነው እያለ ባልዲውን ከኋላ ሊጭነው ሲል ቀማችው።

መኪናው ሲነሳ አባት በመስኮቱ አየ። ልጁ ከኋላ ተቀምጣለች። ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን፣ ባልዲው የወንበር ቀበቶ ታስሮለት፣ ጥቁር ጢሙን ወደ መንገዱ አቅንቶ ይሄዳል።