ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ

«ከመዝገብ ተሰርዟል» የሚለውን ማኅተም ቀለም አስነክታ አንስታው ነበር፤ እጇ አየር ላይ እንዳለ ዘወትር የሚመጡት ሽማግሌ ጠረጴዛዋ ፊት መጥተው ቆሙ። እስራኤል ውስጥ፣ በዚህች የአሽቀሎን ከተማ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ሥራዋ መጻሕፍት መመዝገብ ነበር፤ ዛሬ ግን የአማርኛውን መደርደሪያ እንድታጸዳ ታዛለች። ሌሎቹ በካርቶን ታሽገው፣ የቀረው እጇ ላይ ያለው ጠርዙ የሳሳ የድሮ ታሪክ መጽሐፍ ብቻ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋ?» አሉ መጽሐፉን እያዩ።

«ማኽሼቩ ነው፣ አባባ» አለች ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተች። «ተውሶት የሚያውቅ ሰው የለም ይላል።»

«እኔስ? እዚያ መስኮቱ ሥር ሁልጊዜ የማነበው እሱን አይደል?»

እውነታቸውን ነበር። ጠርዙን ያሳሳው የእሳቸው አውራ ጣት ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በበሩ የወጣውን እንጂ እዚያው የተነበበውን አልነበረም።

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ወደ ቤት ቢወስዱት?»

ሽማግሌው ነውር እንደሰማ ሰው ደነገጡ። «እኔ ወስጄው ሌላ ሰው መጥቶ ቢያጣውስ?»

ማኅተሙን አስቀምጣ መጽሐፉን ሰጠቻቸው። «በቃ ይውሰዱት፤ የእርስዎ ነው።»

በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቋት። ወደ በሩ ግን አልሄዱም፤ ወደ ባዶው መደርደሪያ ሄደው መሐሉ ላይ አቆሙት። ጎረቤት ስለሌለው ዘመም አለ። አቃኑት፤ ደግሞ ዘመመ።

«እዚሁ ይሁን» አሉ። «የሚፈልገው ሰው አይጠፋም።»

እሷም እስኪወጡ ጠበቀችና መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዳ ማኅተሙን እንደገና ቀለም አስነካችው።